መሣሪያ ይዘዋል?

አቶ መገርሳ ግፉን የሰሙት ሻያቸውን ሳያጋምሱ ነው። የገላን ኮንዶሚኒየም ግድግዳ ምስጢር አይቋጥርም፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሰው ሲያስነጥስ ሁለተኛ ፎቅ ላይ "ይማርህ" ይባላል። ልጃቸው ሃዊ መኝታ ቤት ሆና በስልክ የምታወራውም ሳሎን ለተቀመጠ ሰው አጠገቡ እንደተወራ ነው። "ኧረ መሣሪያ ብሎ ነገር የለም!" አለች። ትንሽ አዳመጠችና ሳቀች። "ምንም! ጊታር የለ፣ ክራር የለ፣ ከበሮ እንኳ የለም። ባዶ እጃችንን ነው የምንሄደው አልኩሽ እኮ።" አቶ መገርሳ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እንደነከሩ ቀሩ። ዳቦው ርሶ ተቆረጠና ብርጭቆው ውስጥ ሰመጠ፤ እሳቸው ግን አላዩትም። በጠዋቱ እንዲህ ያለ በደል እሰማለሁ ብለው አልጠበቁም ነበር።

ሃዊ የዚያን ዕለት ማታ ወደ ጀርመን ልትበር ነው። ኮሌጅ ውስጥ ሁለት ዓመት ከዘፈነችበት ቡድን ጋር አሥራ አንድ ቀን፣ አራት ከተማ፣ ሰባት ኮንሰርት። ዝርዝሩ ፍሪጁ ላይ ተለጥፎ ስለከረመ አቶ መገርሳ በቃላቸው ይዘውታል። ሆቴል እንደማያርፉ፣ እዚያ ያሉ ዘማሪዎች በየቤታቸው እንደሚያሳድሯቸውም ያውቃሉ። የማያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። በግብዣው ደብዳቤ ራስጌ ላይ "አካፔላ" የሚል ቃል አይተው ቃሉ የከተማ ስም መስሏቸው ነበርና፣ "ልጄ አካፔላ ልትሄድልኝ ነው" እያሉ ለብሎኩ ጥበቃም ለባለሱቁም ለዕድሩ ጸሐፊም ተናግረዋል። የዕድሩ ጸሐፊ ጉዳዩን ትንሽ አሰላስለው "አካፔላ ብርድ ነው ይላሉ፤ ጃኬት ትያዝ" ብለው መክረዋል። ለሃዊም ጃኬት ተገዝቷል። ማንም ጠይቆ ያልተረዳው ነገር በዚህ መልኩ ሰፈሩ ውስጥ ሲዞር ሁለት ወር ሆነው።

መሣሪያ የለም መባሉ ለምን እንዲህ እንዳንገበገባቸው ለማወቅ ወደ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው መመለስ ያስፈልጋል፤ ብዙም አያስኬድም። ያኔ አቃቂ አንድ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ሠራተኛ፣ ከሥራ በኋላ ደግሞ የፋብሪካው የኪነት ቡድን ድምፃዊ ነበሩ። ከየፋብሪካው ተውጣጥቶ ቡልጋሪያ የሚሄድ ቡድን ሲመረጥ እሳቸውም ተመረጡ። ክራቫት ተዋሱ፤ ሻንጣ ተዋሱ። በመነሻው ቀን አንድ ስሙን እንኳ ያላወቁት ጓድ ወረቀት ይዞ መጣና ወንበር አንሷል አለ። "መሣሪያ ያለው በዚህ በኩል ይለፍ። ድምፅ ብቻ ያለው ይቅር።" ዋሽንት የያዘው አለፈ፤ ማሲንቆ የያዘው አለፈ፤ ከበሮ ተሸካሚው ሳይቀር አለፈ። የሌሎቹ ስም እየተጠራ መገርሳ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው አዳመጡ፤ የእሳቸው አልተጠራም። ተመልሰው መጥተው ለሁለት ዓመት ከደመወዛቸው እየቆረጡ ከአንድ ጣሊያን መካኒክ ቤት አሮጌ አኮርዲዮን ገዙ፣ ብቻቸውን ተለማመዱ፣ ጎበዙ። ከዚያ በኋላ ግን ወረቀት የያዘ ሰው መጥቶ አያውቅም።

ሃዊ ከመኝታ ቤት ወጣች። ሻንጣዋን እየጎተተች፣ ፀጉሯን ለጉዞ ተሠርታ፣ ዓይኗ በደስታ እየበራ። አቶ መገርሳ ሊጠይቋት አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ልጅ የደበቀችውን ውርደት አባት አፍረጥርጦ ሊያወጣው አይገባም ብለው ሌላ ነገር ጠየቁ።

"ሁሉ ነገር ተሟልቷል ወይ?"

"ተሟልቷል አባዬ። ምንም አይጎድለንም።"

ይህን ስትል ዓይኗ መኝታ ቤቱ ውስጥ ወዳለው ቁም ሳጥን አናት ሄዶ ተመለሰ። እዚያ የአባቷ አኮርዲዮን በሳጥኑ ተቀምጧል። አቶ መገርሳ ዓይኗን አዩና መሣሪያ እንደሚያስፈልጋት፣ ለመጠየቅ ግን እንዳፈረች ገባቸው። በርግጥ የገባቸው ሌላ፣ ነገሩ ሌላ ነበር። በዚህ ቤት ውስጥ ስለ አኮርዲዮኑ ለመናገር የከበዳቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ስለሌላው አያውቅም። ሃዊ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኮሌጁ በር እንዲመጡ፣ አውቶብሱ አሥራ ሁለት ላይ እንደሚነሳ ነግራቸው አባቷንም እናቷንም ስማ በባጃጅ ሄደች።

ወይዘሮ ዳሲቱ ወጥ ቤት ቆመው ጭኮ እያሹ ነበር። የገብሱን ዱቄት ቅቤ እያጠጡ በጣታቸው ሲያሹት ቤቱ በኮሰረት ሽታ ታውዷል። ልጃቸው ሰው ቤት ልታድር ነው፤ ሰው ቤት ደግሞ ባዶ እጅ አይገባም፤ ፈረንጅ ይብላው አይብላው የራሱ ጉዳይ ነው። ባላቸው ወንበር ላይ ቆመው የአኮርዲዮኑን ሳጥን ከነአቧራው ሲያወርዱ አዩና እጃቸውን ሳያወጡ ጠየቁ።

"እሱን ደግሞ ወዴት ነው?"

"ላሳክመው።"

"ሃያ ዓመት የታመመውን? ዛሬ?"

አኮርዲዮኑ አስም ነበረበት፤ ቤተሰቡ እንደዚያ ነው የሚለው። ሃዊ በተወለደች ዓመት አይጥ ወናፉን ቀድዶት፣ ሲስቡት ድምፅ ከማውጣቱ በፊት "ህህህ" ብሎ እንደ ሽማግሌ ይተነፍሳል። ለዘመን መለወጫ፣ ለገና፣ ለጎረቤት ሠርግ ሲወጣ ልጆች ዘፈኑን ትተው ትንፋሹን ይጠብቁና በሳቅ ይፈርሱ ነበር። አቶ መገርሳም ይስቁ ነበር፤ ከዓመት ዓመት ግን ሳቁ እየጎረበጣቸው መጣና ካወረዱት ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ወይዘሮ ዳሲቱ የቡልጋሪያን ነገር ያውቃሉ። በሠላሳ ዓመት ትዳር አንዴ ብቻ ነው የሰሙት፤ ዳግም አላነሱትም። አሁንም የጭኮውን ጫፍ ቆርሰው በባላቸው አፍ አጎረሱና "ሳይረፍድብህ ሂድ" አሉ።

ታጁ አቃቂ ገበያ ጥግ ላይ ጫማና ቦርሳ የሚጠግን የስልጤ ሰው ነው። ሱቁ ሁለት ሰው አይችልም፤ አንዱ ከገባ ሌላው እግሩን ውጭ ያሳድራል። ጣሪያው ላይ የተንጠለጠሉት የሴት ቦርሳዎች ባለቤቶቻቸው ከረሷቸው ከርመዋል፤ ታጁ ግን "አደራ ነው" እያለ አቧራቸውን ያራግፋል። አቶ መገርሳ ሳጥኑን ጭናቸው ላይ ከፍተው ሲያሳዩት መርፌውን ጥርሱ ላይ እንደያዘ ራሱን ነቀነቀ።

"ጋሽ መገርሳ፣ ወላሂ እንዲህ ያለ ነገር ሰፍቼ አላውቅም።"

"ቦርሳ ነው በለውና ስፋው። የሚተነፍስ ቦርሳ።"

"ዋጋውስ? ለሚተነፍስ ቦርሳ ታሪፍ የለኝም እኮ" አለና ሳቀ። ከዚያ ለማን እንደሆነ ጠየቀ። አቶ መገርሳ ሃዊ ዛሬ ማታ አካፔላ እንደምትበር፣ አገሯን ወክላ እንደምትዘፍን፣ ኮሌጁ ግን አንድ መሣሪያ እንኳ ሳይሰጥ በባዶ እጃቸው ሊሰድዳቸው እንደሆነ አስረዱት። ታጁ መርፌውን ከጥርሱ አወጣ። "ይሄማ ግፍ ነው" አለ። "የሰው ልጅ ሠርግ እንኳ ሲሄድ አንድ ነገር ይይዛል።" አካፔላን ሰምቶ እንደማያውቅ ላለመናገር ብሎ ደግሞ የወንድሙ ልጅ እዚያ አካባቢ እንዳለ ጨመረ፤ ዱባይ።

ሁለት ሰዓት ፈጀ። ታጁ ስስ የፍየል ቆዳ መርጦ፣ ቀዳዳውን በእጁ ዳብሶ፣ ማስቲሹን በጣቱ ጫፍ እየቀባ፣ ወናፉ ሲተጣጠፍ እንዳይወጠር በየእጥፋቱ እየለካ ለጠፈው፤ ጠርዙንም ዓይን በማያየው ስፌት ያዘው። ሲሠራ አያወራም፤ ከአጠገቡ ያለው ሬዲዮ ግን የሁለቱንም ድርሻ ያወራል። ፀሐይ ላይ አሰጡትና ሻይ አዘው ጠጡ። ሲደርቅ አቶ መገርሳ ማንገቻውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ቀስ ብለው ሳቡት። ትንፋሹን ጠበቁ። አልመጣም። ድምፁ ብቻ፣ ጥርት ብሎ፣ እንደተገዛ ዕለት ወጣ። ደግመው ሳቡት፣ ጣቶቻቸው የድሮውን ዜማ አገኙት፣ ቲማቲም ሻጯ እልል አለች፣ የባጃጅ ሾፌሮች መንገድ መሃል ቆመው እስክስታ ወረዱ። ታጁ የቆዳውን ዋጋ ብቻ ተቀበለ፤ የእጁን ግን "የሃዊ ነው" ብሎ እምቢ አለ። አቶ መገርሳ ደስ አላቸው። ደስታቸው ውስጥ አንዲት ነገር የጎደለች መሰላቸው፤ ግን ከበሽታ የተነሳ ሰው መልኩ መጀመሪያ እንግዳ ነው ብለው አለፉት።

በሳሪስ አቦ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ "ፋዘር፣ ሳጥኑ የሰው ቦታ ይዟል" ሲላቸው ሳጥኑን አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና "ልጅ ነው፤ ታቅፌዋለሁ" አሉ። ከበቂ በላይ ጊዜ ነበራቸው። በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ የሚናገሩትን አሰናዱ፤ ለኮሌጁ ሰዎች ጨዋ ግን ጠንከር ያለ ወቀሳ፣ ለሃዊ ደግሞ "ይኸው፣ አሁን ማንም ቅሪ አይልሽም" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር። ቦሌ ላይ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ብቅ ሲል በዓይነ ሕሊናቸው ያዩታል። ዘመኑ እንደተቀየረ ያውቃሉ። ቢሆንም ፈሩ፤ ልጃቸው ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ የሰው ስም ስትሰማ ማየት አይችሉም።

ኮሌጁ በር ላይ ፍተሻ አለ። ጥበቃዋ ዩኒፎርሟን ጥብቅ አድርጋ የለበሰች፣ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ያወረደች፣ ሥራዋን ጨዋታ የማታደርግ ሴት ነች። የመዝገብ ደብተሯን ገልጣ፣ በእስክሪብቶዋ መስመር ይዛ፣ ቀና ሳትል ጠየቀች።

"አባቴ፣ መሣሪያ ይዘዋል?"

አቶ መገርሳ ደረታቸውን ነፉ። ቀኑን ሙሉ ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ የዋሉ መሰላቸው። "አዎ ልጄ። ይዣለሁ።"

እስክሪብቶው ቆመ። "ምን ዓይነት መሣሪያ?"

"ከባድ ነው። ታቅፌው ነው የመጣሁት።"

ሴትየዋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። እጇ ወደ ወገቧ፣ ከወገቧም ወደ ሬዲዮዋ ሄደ። "ፈቃድ አለዎት?"

"የምን ፈቃድ? ሠላሳ ስምንት ዓመት ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጠ ነው። ለበዓል ለበዓል አወጣዋለሁ፤ ጎረቤቱ በሙሉ ይሰበሰባል።"

"ለበዓል ያወጡታል?"

"በሠርግም። ዛሬ ጠዋት አሠርቼው አቃቂ ገበያ ላይ ሞክሬዋለሁ። ሕዝቡ እልል አለ።"

ከኋላቸው ተሰልፎ የነበረው ሰው ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ጥበቃዋ ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀምጠው እንዲርቁ አዘዘቻቸው፤ እሷም ከርቀት ጎንበስ ብላ በአንድ ጣቷ ክዳኑን ገፋችው። ነጫጭ ቁልፎቹ ፀሐይ ላይ ብልጭ ሲሉ ኮፍያዋን ከቅንድቧ ከፍ አደረገች። በረዥሙ ተነፈሰች። ቀጥሎም በዚያ በር ላይ ታይቶ የማያውቅ ነገር ሆነ፤ ሳቀች። እየሳቀችም ሕግ ሕግ ነውና ደብተሯ ላይ ከስማቸው ጎን "መሣሪያ፣ አንድ" ብላ ጻፈች። ሲወጡ ይዘውት መውጣታቸውን እንደምታረጋግጥ ነገረቻቸው።

"እሱስ ከእኔ ጋር አይመለስም" አሉ አቶ መገርሳ። "ውጭ አገር ነው የሚሄደው።"

ጥበቃዋ በሬዲዮ ብትጠራ ቡድኑን የሚመራው መምህር ወጣ። የአብስራ ይባላል፤ ጂንስና ስኒከር ያደረገ፣ ጢሙ ገና ያልሞላ ወጣት ነው። የሃዊ አባት መሆናቸውን ሲሰማ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። አቶ መገርሳ በታክሲ ያሰናዱትን ወቀሳ ጀመሩ። የሰው ልጆችን በባዶ እጃቸው አገር ማሻገር ምን ማለት እንደሆነ፣ አንድ ክራር እንኳ መጥፋቱ ኮሌጁን እንደሚያስነውር፣ እሳቸው ግን አንድ አባት የሚችለውን እንዳመጡ ተናገሩ። ወጣቱ ሰማቸው፤ ግራ ገባው፤ ከዚያ ሳጥኑን አየና ገባው። ሊስቅ ይችል ነበር። ያሳደጉት አያቱ ስለነበሩ አልሳቀም።

"አባቴ፣ መሣሪያ የሌለው ተቸግረን አይደለም። አካፔላ ማለት እኮ ያለ መሣሪያ፣ በድምፅ ብቻ መዝፈን ነው። ጀርመኖቹ የጠሩን ለዚህ ነው።"

ሁለት ወር ሙሉ ሰፈር የዞረች፣ ጃኬት ያስገዛች ከተማ ዓይናቸው እያየ ጠፋች። የዕድሩ ጸሐፊ ትዝ አሏቸው። ግን ያን ጊዜ ያቃጠላቸው እፍረት አልነበረም፤ ሌላ ነገር ነው።

"በድምፅ ብቻ?" አሉ።

"በድምፅ ብቻ።"

"እና... ድምፅ ብቻ ያለው ነው የሚሄደው?"

"አዎ አባቴ" አለ የአብስራ፣ ጥያቄው ከየት እንደመጣ ሳያውቅ። "ድምፅ ብቻ ያለው ነው የሚሄደው።"

አዳራሹ ውስጥ በኋለኛው ወንበር አስቀመጣቸው። አሥራ ሁለት ልጆች መድረኩ ላይ በግማሽ ክብ ቆመዋል፤ የመጨረሻው ልምምድ ነው። ሻንጣዎቻቸው በግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። ሂጃብ ያደረገች ቀጭን ልጅ፣ ሃዊ ጠዋት በስልክ ያወራቻት ዙለይኻ፣ በከንፈሯ ከበሮ መምታት ጀመረች፤ አቶ መገርሳ የተደበቀ ከበሮ አለ ብለው ከመጋረጃው ኋላ ፈለጉ። አንድ ረዥም ልጅ በጉሮሮው ከታች ያዘው። ድምፁ ቀስ በቀስ ሰው የሚኖርበት ቤት መሰለ። ዘፈኑ ቃል የለውም ማለት ይቻላል፤ የአብስራ ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው እንዳንሾካሾከው፣ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ ድምፅ እንዲያመጣ ተነግሮት የተሠራ ነው። አንዷ በሳምንት አንዴ የሚመጣውን የቧንቧ ውኃ ማጉረምረም አመጣች፣ አንዱ ንጋት ላይ የሚጠራ ረዳት፣ አንዱ በር የሚያንኳኳ ቆራሌው። አቶ መገርሳ ፈገግ እያሉ ያዳምጡ ጀመር። ከዚያ ሃዊ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣች።

እጆቿን ደረቷ ላይ አገናኘችና ቀስ ብላ ለያየቻቸው። "ህህህ" አለች፤ ያ የሽማግሌ ትንፋሽ። ከትንፋሹ ኋላ ድምፁ መጣ፣ ትንሽ አፍንጫ ያለው፣ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ፣ በዘመን መለወጫ ጠዋት ቤታቸውን የሚሞላው ድምፅ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ አቶ መገርሳ ሃያ ዓመት ሲያሰሙት የኖሩትን ነገር ከሰው አፍ ሲሰሙት መጀመሪያ አላወቁትም። ያወቁት እጇ ሲመለስ ነው። አጨራረሱ ላይ ሁልጊዜ የእሳቸውን ጣት የምታዳልጥ ቦታ አለች፤ ሃዊም እዚያ ስትደርስ እንደሳቸው አዳለጣት። ስህተቱን ሳይቀር ይዛዋለች። አቶ መገርሳ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ለምን እንዳወለቁ አያውቁም። እንባቸው መጣ። አላፈሩበትም።

ዘፈኑ ሲያልቅ ሃዊ አየቻቸው። ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ በአንዴ ተሰበሰበና ከመድረኩ ወርዳ በወንበሮቹ መሃል እየሮጠች መጣች።

"አባዬ፣ ልነግርህ ነበር። እንዳትቀየመኝ ብዬ ነው። የምናሾፍብህ እንዳይመስልህ። ሲስቁበት ደስ እንደማይልህ አውቃለሁ፤ ግን እኔ ከልጅነቴ የማውቀው ሙዚቃ እሱ ነው። ጀርመኖቹ ቪዲዮውን ባዩ ጊዜ መጀመሪያ የጠየቁት 'ያ ትንፋሽ ምንድን ነው?' ብለው ነው።"

"ምን አልሻቸው?"

"የአባቴ አኮርዲዮን አስም ነው አልኳቸው።"

በዚህ መሃል ሃዊ እግራቸው ሥር ያለውን ሳጥን አየችና እጇን አጨበጨበች። ልጆቹን ጠራች። እውነተኛውን ይስሙት አለች፤ አንዴ ብቻ፣ አንዴ ይሳበው። አሥራ ሁለቱም ከበቡ። አቶ መገርሳ ነገሩ እየቆየ ገባቸው፤ ግን ማንገቻው ትከሻቸው ላይ ነበር፤ ማፈግፈጊያ የለም። ሳቡት። ጥርት ያለ፣ ጤነኛ፣ እንከን የሌለበት ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"አስሙ የት ሄደ?" አለች ሃዊ።

"ታጁ አዳነው" አሉ አቶ መገርሳ በቀጭን ድምፅ። "ዛሬ ጠዋት። ላንቺ ብዬ።"

በሩ ላይ ወይዘሮ ዳሲቱ ጭኮውን በሰሃን ይዘው ቆመው ነበር፤ መቼ እንደደረሱ ማንም አላየም። ሁሉን ሰምተው ኖሮ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ" ብለው ወንበር ላይ ቁጭ አሉና በሳቅ ሆዳቸውን ያዙ። ዙለይኻ ተከተለች፤ ከዚያ ሁሉም። ሃዊ ግን ለአፍታ አልሳቀችም። በጣቷ አዲሱን የፍየል ቆዳ ዳበሰችው።

"ልቅደደው?" አሉ አባቷ። የምራቸውን ነው።

"ኧረ ተው አባዬ!"

"እንግዲያው የድሮውን ድምፅ ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለም ማለት ነው። በደንብ ያዢው።"

ይህን ብለው ደግመው ሳቡት፤ በዚህ ጊዜ ከመጀመራቸው በፊት ቆም ብለው አይዋት። ሃዊ ገባት። "ህህህ" አለች፤ እሳቸው ድምፁን ሰጡ። እንደገና ትንፋሹን ሰጠች፤ እንደገና ድምፁን ሰጡ። እንዲህ እየተቀባበሉ አንድ ዜማ ጨረሱ፤ የምታዳልጠዋ ቦታ ላይ ሲደርሱ ሁለቱንም እኩል አዳለጣቸው። ወይዘሮ ዳሲቱ ሳቃቸውን አቁመው መሬት መሬት ያዩ ጀመር። የአብስራ ሰዓቱን ተመለከተና አልረበሻቸውም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አውቶብሱ በር ላይ ቆሞ ነበር። ጭኮው ተከፋፍሎ በየሻንጣው ገብቷል። የአብስራ ደረጃው ላይ ቆሞ የስም ዝርዝር አወጣ። አቶ መገርሳ ወረቀቱን ሲያዩ የሚስታቸውን ክንድ ያዙ። ስም ተጠራ፣ ገባ። ሌላ ተጠራ፣ ገባ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት። ዙለይኻም ገባች። ሃዊ ከሻንጣዋ አጠገብ ቆማለች። አቶ መገርሳ ትንፋሻቸውን ያዙ።

"ሃዊ መገርሳ!"

"አቤት!" አሉ አቶ መገርሳ።

አጠገባቸው ያሉት ወላጆች ዞረው አዩዋቸው። ሃዊም የአውቶብሱን ደረጃ ልትወጣ ስትል ዞረች፣ አየቻቸው፣ ተመልሳ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ስለ ቡልጋሪያ ሰምታ አታውቅም፤ ለምን "አቤት" እንዳሉ አልጠየቀችም፤ እሳቸውም አልነገሯትም። ጀርመን ደርሳ ስትደውል ይነግሯት ይሆናል። ገባች። አውቶብሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ እጆቿን ደረቷ ላይ አገናኝታ ቀስ ብላ ለያየቻቸው፤ መስታወቱ ድምፁን ባያሳልፍም ሁለቱም ሰሙት።

ሊወጡ ሲሉ ጥበቃዋ ደብተሯን ገልጣ ጠበቀቻቸው። በእስክሪብቶዋ መስመሩን አገኘችው፤ ከዚያ ትከሻቸው ላይ ያለውን ሳጥን አየች።

"አባቴ፣ ውጭ አገር ይሄዳል ያሉት መሣሪያ ይዘውት ተመለሱ እንዴ?"

አቶ መገርሳ ወደ ሳሪስ የሚታጠፈውን አውቶብስ ተመለከቱ።

"መሣሪያውማ ሄደ ልጄ" አሉ። "ይሄ ሳጥኑ ነው።"